ጋራዡ የቤቱን መኪና ሲጠግን ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ነው። ጠያቂዋ የአንድ የቤተሰብ ድርጅት ሒሳብ ያዥ ናቸው። ድርጅቱ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ይሸጣል፤ ያገለገለ መኪና ይገዛል፣ በለውጥ ይቀበላል፣ ይሸጣል፤ የመለዋወጫ ሱቅና አምስት መካኒክ ያሉት ጋራዥም አለው። ጋራዡን ወንድማቸው፣ መለዋወጫውን አጎታቸው፣ ሽያጩን የአጎታቸው ልጅ ይመሩታል። እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ እናያለን፤ ከየት እንደመጣ ግን አናውቅም። ሦስቱም ቤቱን የተሸከምኩት እኔ ነኝ ይላሉ። እያንዳንዱን ክፍል ራሱን የቻለ የትርፍ ማዕከል ብናደርገው ይሻላል? ጋራዡ የራሳችንን መኪና ሲጠግን ሽያጭ ክፍሉን ያስከፍል? ወዳጆቻችን ደግሞ ጋራዡን ዝጉና ግቢውን አከራዩት ይሉናል።»

እህቴ፣ ሒሳቡን ለዩት፤ ድርጅቱን ግን አትከፋፍሉት። ጋራዡ የቤቱን፣ ማለትም የድርጅቱን፣ መኪና ሲጠግን ያስከፍል፤ ዋጋው ግን ሥራው ሳይጀመር የታወቀ ይሁን። ጋራዡን ዝጉ የሚለውን ምክር ከታች የማሳየውን ስሌት ሳትሠሩ እንዳትቀበሉት። ከሦስቱ ጉዳዮች ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ክፍሎቻቸውን በለዩ ቤቶች ውስጥ የሚነሣው ጠብም የተሳሳተ ውሳኔም አብዛኛው የሚመነጨው አንዱ ክፍል ሌላውን ከሚያስከፍለው ዋጋ ነውና።

መጀመሪያ «መለየት» ወይም «የትርፍ ማዕከል» ስንል ምን እንደሆነ እንግባባ፤ የእያንዳንዱ ክፍል ትርፍ ለብቻው እንዲታይ ማድረግ ነው። አራት ዓምድ ያለው አንድ የኤክሴል ገጽ ይበቃችኋል፦ አዲስ መኪና፣ ያገለገለ መኪና፣ መለዋወጫ፣ ጋራዥ። በእያንዳንዱ ዓምድ ከላይ ሽያጩ ይገባል፤ ከሥሩ የተሸጠው ዕቃ ወይም ጉልበት የፈጀው ወጪ ይቀነሳል፤ የቀረው ጥቅል ትርፍ ነው። ከዚያ ላይ ክፍሉ ብቻውን የሚያወጣው ወጪ ሲነሣ ክፍሉ ለቤቱ ያበረከተው ይታያል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁ አንድ ሆኖ ይቀጥላል። ለየክፍሉ የተለየ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋምን በእናንተ መጠን ላለ ቤት አልመክርም። ያኔ ጋራዡ ለሽያጩ የሚሠራው በሁለት ድርጅቶች መካከል የተደረገ ግብይት ይሆናል፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ደረሰኝ፣ የተለየ መዝገብ ይከተለዋል። አንድ ድርጅት እስከሆናችሁ ድረስ በውስጥ የሚጻፈው ወረቀት ሽያጭ አይደለም፤ ከካሽ ሬጅስተር ማሽንም ደረሰኝ አይቆረጥበት። ተራ ቁጥር ያለው የውስጥ የሥራ ትእዛዝ አሳትሙ፤ ከደንበኛው ወረቀት በቀለም ይለይ።

የሒሳብ ባለሙያ ስለሆኑ አንድ ነገር ላስታውስዎ። የቤቱ ጠቅላላ ሒሳብ ሲዘጋ የውስጥ ሽያጩ ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል፤ ካልተሰረዘ ለባንክ የምታሳዩት ሽያጭ ያበጠ ነው። ሰኔ 30 ላይ ሳይሸጥ የቀረ ያገለገለ መኪና ካለ ደግሞ፣ በእሱ ላይ ጋራዡና መለዋወጫው የያዙት ትርፍ ለቤቱ ገና አልተገኘም። መኪናው በፋይናንስ ሪፖርቱ የሚቀመጠው ቤቱን በእውነት በፈጀው ዋጋ ነው። ይህን ረስተው በወረቀት ትርፍ ላይ ግብር የከፈሉ ቤቶች አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፤ በራሳችሁ ተኩአቸው። ሽያጭ ክፍሉ አንድ ያገለገለ ኮሮላ በ2,000,000 ብር ገዛ እንበል። ጋራዡ 40 ሰዓት ሠራበት። ለውጭ ደንበኛ በሰዓት 600 ብር ስለሚያስከፍል ይህ 24,000 ብር ይሆናል። ከመለዋወጫ ሱቁ የወጣው ዕቃ ለደንበኛ ቢሸጥ 90,000 ብር ያወጣል፤ ሱቁ የገዛው በ65,000 ነው። መኪናው 2,200,000 ብር ተሸጠ።

ጉልበቱ በነጻ፣ ዕቃው በመግዣ ዋጋ ከተመዘገበ ያገለገለ መኪና ክፍሉ 135,000 ብር አተረፈ ይባላል። መለዋወጫው ምንም አላገኘም። ጋራዡ ደግሞ 40 ሰዓት ደመወዝ ከፍሎ ገቢው ባዶ ነው፤ ወሩ ሲዘጋ «ጋራዡ ሸክም ነው» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም በደንበኛ ዋጋ ከተመዘገበ ግን ያገለገለ መኪና ክፍሉ 86,000፣ መለዋወጫው 25,000፣ ጋራዡ 24,000 ብር ይይዛሉ። ደምሩት፤ ያው 135,000 ነው። የመካኒኮቹም ደመወዝ በሁለቱም መንገድ አልተለወጠም። አመዘጋገቡ በመለወጡ ቤቱ በዚህ መኪና ላይ ያገኘው አንድ ሳንቲም አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

«ታዲያ ድምሩ ካልተለወጠ ለምን እንደክማለን?» ይሉ ይሆናል። የሚለወጠው ቀጥሎ የሚገዛው መኪና ነው። ጥገና ነጻ የሚመስለው ገዢ ሞተሩ የደከመውንም፣ ባትላሜራ የሚፈልገውንም መኪና ከደላላው እጅ በደህና ዋጋ ይቀበላል፤ «እኛ ዘንድ ጋራዥ አለ» ይላል። የጥገናው ሒሳብ በራሱ ዓምድ ላይ እንደሚወድቅ የሚያውቅ ገዢ ግን መካኒክ ይዞ ይሄዳል፣ ከሥር ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ነው ዋጋ የሚናገረው። ያገለገለ መኪና ንግድ የሚበላሸውም የሚለማውም ሲገዛ ነው። የውስጥ ዋጋው ሥራ ለገዢው ከመፈረሙ በፊት እውነተኛውን ወጪ ማሳየት ነው።

ተቃራኒውም ጥፋት አለ። ወንድምዎ ክፍላቸው ትርፋማ ሆኖ እንዲታይ በማሰብ የቤቱን መኪና በሰዓት 1,200 ብር ቢያስከፍሉ፣ የአጎትዎ ልጅ መኪናውን በጓሮ በር አስወጥተው ሌላ ሰፈር ያሠሩታል። ያኔ ከቤቱ ካዝና ጥሬ ገንዘብ ይወጣል፤ የራሳችሁ መካኒኮች ደመወዛቸውን እየበሉ ይቀመጣሉ። ሁለቱም ኃላፊዎች ለየዓምዳቸው ትክክለኛውን አደረጉ፤ ቤቱ ግን ከሰረ። ይህን በእውነተኛ ግቢ ውስጥ ሲሆን ማየት ያሳዝናል፤ ወንድማማቾች በአንድ አጥር ውስጥ እየዋሉ ለወራት ሲኮራረፉም አይቻለሁ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአልፍሬድ ስሎን መሪነት እነሸቭሮሌን፣ ቡዊክንና ካዲላክን የየራሳቸው ትርፍ እንዲታወቅ አድርጎ ሲያደራጅ፣ ክፍሎቹ እርስ በእርስ የሚሻሻጡበት ዋጋ ካልተስተካከለ የማንኛቸውም ትርፍ እውነት እንደማይሆን ገና በጅምሩ ታይቶ ነበር። የግዙፉ ፋብሪካ ጥያቄና የእናንተ ግቢ ጥያቄ አንድ ነው።

እኔ የምመክረው ደንብ ይህ ነው። የውስጥ ዋጋው የውጭ ደንበኛ ከሚከፍለው ላይ የታወቀ ቅናሽ ተደርጎ ይቀመጥ፤ 10 በመቶ ይበቃል ብዬ አስባለሁ። ቅናሹ ውለታ አይደለም። ጋራዡ ለቤቱ መኪና ሲሠራ የዋጋ ክርክር፣ የዱቤ ስጋት፣ ደንበኛ ፍለጋ የለበትም፤ ያን ያህሉን ይመልሳል። ዋጋው በዓመት አንድ ጊዜ ተወስኖ በጽሑፍ ይለጠፍ። እያንዳንዱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጋራዡ ግምቱን ይጻፍ፣ ያገለገለ መኪና ኃላፊው ይፈርም። መኪናው ተፈትቶ ያልታሰበ ብልሽት ቢገኝ ሥራው ይቁምና ሁለተኛ ፊርማ ይጠየቅ። የውጭ ጋራዥ በርካሽ ይሠራል የሚል ካለ ግምቱን በወረቀት ያምጣ፤ ወንድምዎ በዚያ ዋጋ ለመሥራት የመጀመሪያው ዕድል ይሰጣቸው። አልሠራም ካሉ ወደ ውጭ ይሂድ፤ ግን ቦታ ሞልቶባቸው ከሆነ ብቻ። መካኒክ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ መኪና ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ ውሳኔው የእርስዎ እንጂ የሁለቱ አይሁን።

ከዚሁ ጋር የሚሄዱ ሁለት የተደበቁ ዝውውሮች አሉ። አንደኛው በለውጥ የሚመጣው መኪና ነው። ደንበኛው አሮጌውን አምጥቶ ጭማሪ ከፍሎ አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ሊወስድ ነው። አሮጌው በገበያው 1,300,000 ብር የሚያወጣ ሆኖ ሳለ ሻጩ አዲሱን ለማስፈረም ሲል በ1,400,000 ተቀበለው። መቶ ሺሁን ማን ከፈለው? ሒሳቡ ዝም ብሎ ከገባ ያገለገለ መኪና ክፍሉ ሳያውቀው ከፈለ፤ አዲስ መኪና ክፍሉም ያልለፋበትን ትርፍ ያዘ። ትክክሉ፦ የአሮጌውን ዋጋ ያገለገለ መኪና ኃላፊው ይተምን፣ ከዚያ በላይ የተሰጠው ሁሉ ከአዲሱ መኪና ትርፍ ላይ እንደ ቅናሽ ይቀነስ። በእናንተ ቤት ሁለቱንም ሽያጭ አንድ ሰው ስለሚመራው ይህ ልዩነት ጨርሶ አይታይም፤ ስለዚህ ትመናውን ለሌላ ሰው፣ ለምሳሌ ለወንድምዎ፣ ስጡት። የደላላው ኮሚሽን፣ የሊብሬ ስም ማዛወሪያውና ሌላው ወጪም መኪናው ላይ ይጻፍ። ለእያንዳንዱ ያገለገለ መኪና አንድ ካርድ ይኑረው።

ሁለተኛው «ነጻ ሰርቪስ» የሚባለው ነው። አዲስ መኪና ከነጻ የመጀመሪያ ሰርቪስ ጋር ሲሸጥ ቃሉን የገባው ሽያጭ ክፍሉ ነው፤ የሚከፍለውም እሱ ነው። መኪናው በተሸጠበት ቀን የሰርቪሱን ግምት ከአዲስ መኪናው ትርፍ ላይ አንሥታችሁ በመጠባበቂያ አስቀምጡ፤ ጋራዡ ሲሠራ ከዚያ ይወስዳል። ለደንበኛ ከመሰጠቱ በፊት የሚደረገው ፍተሻና እጥበትም እንዲሁ። የፋብሪካ ዋስትና ሥራ ግን የተለየ ነው፤ ከፋዩ አስመጪው ወይም ፋብሪካው ስለሆነ ወረቀቱ ቶሎ ካልተላከ ገንዘቡ የጋራዡ ኪሳራ ሆኖ ይቀራል።

ጋራዡን በገንዘብ ብቻ አትለኩት፤ የሚሸጠው ሰዓት ነውና ሰዓቱን ቁጠሩ። አምስት መካኒክ፣ በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢሠሩ 1,040 ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ እጃቸው መኪና ላይ የዋለበት 700 ሰዓት፣ ደንበኛ የከፈለበት ደግሞ 560 ሰዓት ቢሆን፣ ከተገዛው ጉልበት የተሸጠው 54 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱ ክፍተቶች ምክንያታቸው ይለያያል። ከ1,040 ወደ 700 የወረደው ሥራ ስለሌለ፣ መብራት ስለጠፋ ወይም ዕቃ ስላልመጣ ነው። ከ700 ወደ 560 የወረደው ደግሞ መካኒኩ በተገመተው ሰዓት ስላልጨረሰ፣ ዋጋ ስለተቀነሰ ወይም ሥራው ተመልሶ ስለመጣ ነው። የመጀመሪያውን ወንድምዎ ብቻቸውን አይፈቱትም፤ ሁለተኛው ግን የእሳቸው ነው። ለእኛ አገር ደግሞ 26 የሚለው ቁጥር ራሱ መታረም አለበት። በጎጃም ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም የሚያከብር መካኒክም ደንበኛም ብዙ ነው፤ የበዓላቱን ቀን ከመጀመሪያው ቀንሱና በቀረው ላይ ለኩ። በማይሠራ ቀን መካኒኩን ሰነፍ የሚያሰኝ መለኪያ ማንም አያከብረውም።

ወራትንም እርስ በእርስ አታወዳድሩ። የጤፉና የበቆሎው ገንዘብ የሚገባው ከታኅሣሥ ወዲህ ነው፤ ሽያጩ ከእሱና ከሠርጉ ወቅት ጋር ይነሣል። ክረምት ሲገባ ሽያጩ ይቀዘቅዛል፤ ጭቃና ጉድጓድ ግን ባሌስትራና ኩሽኔታ ይበላልና ጋራዡ ይሞቃል። ሐምሌን ከባለፈው ሐምሌ፣ ጥርን ከባለፈው ጥር ጋር አስተያዩ። መንገድ የተዘጋባቸውን ሳምንታትም በገጹ ጠርዝ ላይ ጻፉ፤ ከዓመት በኋላ ቁጥሩ ለምን እንደወደቀ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።

ወደ አጎትዎ ሱቅ ልምጣ። መለዋወጫ በወረቀት ላይ ሁልጊዜ ያምራል፤ ባለፉት ዓመታት ደግሞ ከልኩ በላይ አምሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በአሮጌው ዋጋ የተገዛ ዕቃ በአዲሱ ዋጋ ሲሸጥ ትርፉ ትልቅ ይመስላል። በ500 ብር የተገዛ ፊልትሮ 800 ተሸጠ፤ 300 አተረፍን እንላለን። ያንኑ ፊልትሮ ዛሬ መልሶ ለመግዛት 750 የሚጠይቅ ከሆነ ግን በሥራ የተገኘው 50 ብር ብቻ ነው፤ 250ው ብር በመድከሙ የመጣ ስለሆነ መደርደሪያውን ለመሙላት ይመለሳል። የፋይናንስ ሪፖርታችሁ በመግዣ ዋጋ ይሠራል፤ እሱ አይነካም። በውስጥ ገጻችሁ ግን ሁለቱን ለዩአቸው። ያን 250 ብር እንደ ትርፍ የተከፋፈሉ የመለዋወጫ ሱቆች መደርደሪያቸው ሲሳሳ አይተናል፤ አንዳንዶቹም ለምን እንደሆነ ሳይገባቸው ነው የተዘጉት።

ሱቁ የትርፍ ማዕከል ሲሆን አንድ ሌላ አደጋ ይመጣል። አጎትዎ በዕቃ ላይ ባሰሩት ገንዘብ ብቻ የሚለኩ ከሆነ ቶሎ የማይሸጠውን ዕቃ አይይዙም። ለሱቁ ዓምድ ይህ ብልህነት ነው። ጋራዡ ውስጥ ግን አንድ አይሱዙ ለአንድ ኩሽኔታ ብሎ ከአዲስ አበባ ዕቃ እስኪመጣ፣ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እስኪደርስ፣ ቦታ ይዞ ይቆማል፤ መካኒኩም ይቆማል። ስለዚህ ሱቁን በሁለት ነገር ለኩት፤ ገንዘቡ በዓመት ስንት ጊዜ እንደተመላለሰና ጋራዡ ከጠየቀው ዕቃ ስንቱን እዚያው እንዳገኘ። ተጠይቆ የታጣ ዕቃ የሚጻፍበት ደብተር በመስኮቱ ላይ ይቀመጥ። መንገዳችሁም ይነግራችኋል፤ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ወርዶ ጎሐ ጽዮን የሚወጣ የጭነት መኪና የፍሬን ሸራ ይበላል፣ ፍሪሲዮን ያቃጥላል። የእህል ጭነት ከመጀመሩ በፊት ኅዳር ላይ እነዚህ ዕቃዎች በሱቁ ውስጥ መኖር አለባቸው። ዓመት ሙሉ ያልተንቀሳቀሰውን ደግሞ ለይታችሁ በቅናሽ አውጡት፤ ከገዛንበት አንሸጥም የሚለው ግትርነት ገንዘብ ያስራል።

የጋራ ወጪ አከፋፈል ላይ ብዙ መጻሕፍት ብዙ ይላሉ፤ የእኔ አቋም ጠባብ ነው። ኃላፊው ሊቀንሰው የሚችለውን ብቻ በዓምዱ ላይ ጫኑ። ኪራይ ይከፋፈል፤ ግን በካሬ ሜትር ብቻ አይሁን። ጋራዡ ሰፊ የኋላ ግቢ ይዟል፤ የመኪና ማሳያው ጠባብ ሆኖ አስፋልቱ ዳር ነው። ሁለቱ ካሬ ሜትር ለየብቻ ቢከራዩ ዋጋቸው እኩል አይደለም፤ በዚያው መጠን ክፈሉት። የባንክ ወለድ ገንዘቡን ባሰረው ዓምድ ላይ ይውደቅ። 2,800,000 ብር የወጣበት አዲስ መኪና 90 ቀን ቆሞ ቢሸጥና ወለዱ 18 በመቶ ቢሆን 124,000 ብር ገደማ በልቷል። ሽያጭ ክፍሉ ይህን ሲያይ «ትንሽ ቆይቶ ዋጋው ይጨምራል» የሚለውን ክርክር በቁጥር ያቀርባል። የቤተሰቡ የቤት ወጪ፣ የእርስዎ ደመወዝ፣ የጥበቃውና የኦዲተሩ ክፍያ ግን ለማንም አይከፋፈል፤ ከአራቱ ዓምድ በታች ለብቻው ይቀመጥ። እሱን ማከፋፈል ስብሰባ ያስረዝማል እንጂ አንድም ውሳኔ አይለውጥም።

አሁን ጋራዡን ስለ መዝጋት። በወር የጋራዡ ጥቅል ትርፍ 350,000፣ የራሱ ወጪ 190,000 ነው እንበል፤ ለቤቱ 160,000 ብር ያበረክታል። ግቢውን በ200,000 የሚከራይ ሰው ተገኘ። ዓምዱን ብቻ ያየ ሰው ዝጉት ይላል። የትርፍ ማዕከል አሠራር ትልቁ አሳሳችነት ይህ ነው፤ በአንድ ዓምድ ላይ ያለው ቁጥር በሌላው ዓምድ ውስጥ ያለውን ሥሩን አያሳይም። የመለዋወጫው ወርኃዊ ጥቅል ትርፍ 280,000 ቢሆንና ከዚያ 150,000ው በጋራዡ የሥራ ትእዛዝ ላይ የወጣ ዕቃ ከሆነ፣ ጋራዡ ሲዘጋ አብዛኛው አብሮ ይሄዳል። የውጭው መካኒክ ዕቃ የሚገዛው ከሚያውቀው ሱቅ ነው። ስለዚህ የሚጠፋው 160,000 ሳይሆን 310,000 ድረስ ነው። ላገለገሉ መኪኖች ጥገና ለውጭ ጋራዥ የሚወጣው ጥሬ ገንዘብ፣ ጋራዥ ከሌለው ቤት ኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት የሚፈራው ደንበኛም ገና አልተቆጠረም። የእናንተ ቁጥር ሌላ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ከሰጠ ተቀበሉት። ግን እስከዚህ ድረስ ተሰልቶ ይሁን።

በመኪና ንግድ ውስጥ የተለመደ አንድ መለኪያ አለ፤ ከሁሉም ይልቅ እሱን በየወሩ አውጡት። የጋራዡንና የመለዋወጫውን ጥቅል ትርፍ ደምራችሁ ለቤቱ ቋሚ ወጪ ሁሉ አካፍሉት። 350,000 ሲደመር 280,000፣ 630,000 ነው፤ ቋሚ ወጪው 900,000 ከሆነ 70 በመቶ ተሸፍኗል። ሽያጩ መሸፈን ያለበት የቀረውን 270,000 ብቻ ነው። ወደ 100 በተጠጋችሁ መጠን መኪና ባይሸጥ እንኳ ደመወዝ የሚከፈልበት ቤት ትሆናላችሁ። ሦስቱ ዘመዶችዎ የሚከራከሩበት «ማን ተሸከመ» የሚለው ጥያቄም እዚህ ላይ ይፈታል፤ ጋራዡና መለዋወጫው በመጥፎ ወር ቤቱን ያቆማሉ፣ ሽያጩ በጥሩ ወር ያሳድገዋል።

ይህ ቁጥር በእናንተ ዘመን የበለጠ ይከብዳል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ የምትሸጡት መኪና የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮና ካንዴላ አይፈልግም። የፍሬን ሸራውም ይቆያል፤ ሞተሩ ራሱ ቁልቁለት ላይ መኪናውን ይዞ ባትሪውን ስለሚሞላ። ለጋራዡ የሚቀረው ጎማ፣ የእግር ሥራ፣ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ትንሿ ባትሪና የኮምፒውተር ምርመራ ነው። ባለ ነዳጆቹ ግን ከጎጃም መንገድ አልጠፉም፤ የሚተካቸው አዲስ ስለማይገባ ዕድሜያቸው ይረዝማል፣ ጥገናቸውም ይበዛል፣ ያገለገሉትም ዋጋቸውን ይይዛሉ። ስለዚህ ለሚመጡት ዓመታት የጋራዡ እንጀራ ከአሮጌው መኪና፣ የወደፊቱ ደግሞ ከአዲሱ ነው። አሁን መካኒኮችን ለከፍተኛ ቮልቴጅ ሥራ ማሠልጠን፣ የማያስተላልፍ ጓንትና የመመርመሪያ መሣሪያ መግዛት ያስፈልጋል። ይህን ወጪ በወንድምዎ የወር ዓምድ ላይ አትጫኑ። የቤቱ መዋዕለ ንዋይ ነው፤ በእሳቸው ላይ ከጫናችሁት አይገዙትም፣ ባይገዙትም ልክ ናቸው።

ስለ ሽልማት አጭር ልበል። የኃላፊው ጉርሻ ሁለት ሦስተኛው በክፍሉ ውጤት፣ አንድ ሦስተኛው በቤቱ ጠቅላላ ውጤት ይሁን። ሙሉ በሙሉ በክፍሉ ከሆነ ቅድም ያልኩት የጓሮ በር ይከፈታል፤ ሙሉ በሙሉ በቤቱ ከሆነ ደግሞ መለየቱ ትርጉም የለውም። ተመልሶ የመጣ ሥራ ጉልበቱም ዕቃውም ከጋራዡ ዓምድ ይቀነስ።

ለመጀመር ሐምሌ 1 ይመቻል፤ የበጀት ዓመታችሁ ከእሱ ስለሚነሣ። ከዚያ በፊት ሰኔ 30 የመለዋወጫው ቆጠራ ይደረግ፤ አጎትዎና ወንድምዎ አብረው ቆጥረው ሁለቱም ይፈርሙ። በግቢው ያለው ያገለገለ መኪና ሁሉ በዕለቱ በሚሸጥበት ዋጋ ይተመንና ከመግዣው ያነሰ ካለ ልዩነቱ ካለፈው ዓመት ሒሳብ ላይ ይነሣ፤ አዲሱ ዓምድ የአሮጌ ዓመት ኪሳራ ይዞ እንዳይጀምር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ገጾች ለሦስቱም በአንድ ጠረጴዛ ላይ አሳዩ፣ ማንንም ግን አትሸልሙባቸው፣ አትውቀሱባቸውም፤ የተሳሳተ ዓምድ ውስጥ የገባ ወጪ ብዙ ታገኛላችሁ። በኅዳር የውስጥ ዋጋ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ አርሙት፤ ከዚያ በኋላ እስከ ቀጣዩ ሰኔ 30 ማንም አይንካው።